60 የድሮ፣ 60 አዲስ፦ ስድስት ጎረቤት ክብ ሠርቶ ሲቀመጥ

ይህን የውይይት ክር የከፈትኩት እኔ ነኝ። የምኖረው ኮዬ ፈጬ ኮንዶሚኒየም ነው፤ ከዚያው ሳልርቅም በአንድ ሁለተኛ ደረጃ ትምህርት ቤት ሒሳብ አስተምራለሁ። ክሩ 34 ምላሽ ደርሷል። ዘግይተው የሚመጡ አንባቢዎች ከመካከል ጀምረው የፈረሰውን ሐሳብ እንደ ጸና አድርገው ሲወስዱት ስላየሁ፣ በየምላሹ የተባለውን በራሴ ቃል በቅደም ተከተል ላስፍር ብዬ ተነሣሁ። የፈረሰው ሐሳብ የራሴ ስለ ነበረ ይህን ማድረግ የሚገባውም ለእኔ ነው።

የመክፈቻው ጽሑፍ እንዲህ ነበር። በእኛ ብሎክ በአንዱ መግቢያ 16 አባወራ እንኖራለን። እድር ስናቋቁም ጸሐፊነቱ ለእኔ ተሰጠኝ፤ እኔም ማን ከማን ጋር ቀድሞ እንደሚተዋወቅ በመዝገብ ያዝኩ። ከ16 ሰው 120 ጥንድ ይወጣል። ቆጥሬ ስጨርስ 60ው ጥንድ ወደዚህ ከመምጣታቸው በፊት የሚተዋወቁ፣ 60ው ደግሞ እዚህ የተዋወቁ ሆነው አገኘኋቸው። እሑድ እሑድ ስድስት ስድስት እየሆንን በጀበና ዙሪያ ክብ ሠርተን ስንቀመጥ፣ ጎን ለጎን የሚውሉት ጥንዶች ስድስት ናቸው፤ ሦስቱ የድሮ፣ ሦስቱ አዲስ ትውውቅ እንዲሆኑ ተመኘሁ። በወረቀት ደጋግሜ ሞከርኩ፤ አልሆነልኝም። ስለዚህ ሰዎቹን ነጥብ፣ ጥንዶቹን መስመር፣ የድሮውን ትውውቅ ቀይ፣ አዲሱን ሰማያዊ አድርጌ ጉዳዩን በግራፍ ቋንቋ አቀረብኩ፤ ነጥቦቹ ሁሉ እርስ በርሳቸው በተያያዙበት ሙሉ ግራፍ ውስጥ ሁለቱ ቀለሞች እኩል ከሆኑ፣ ሦስት ቀይና ሦስት ሰማያዊ መስመር ያለው ባለ ስድስት ነጥብ ክብ መገኘቱ የግድ ነው አልኩ፤ የጎደለው የእኔ ትዕግሥት ብቻ እንደ ሆነም ጨምሬ ጻፍኩ።

1ኛው ምላሽ ከአንድ የሒሳብ ሠራተኛ የመጣ ነበር፤ በታላቅ ትሕትና ሐሳቤን ደገፈው። ሊሠሩ የሚችሉትን ክቦች ሁሉ ብንደረድርና በእያንዳንዱ ውስጥ ያሉትን ቀይ መስመሮች ብንቆጥር፣ እያንዳንዱ መስመር በእኩል ብዛት ክቦች ውስጥ ስለሚገባ አማካዩ በትክክል 3 እንደሚሆን አሳየ። ከዚያም አማካዩ 3 ከሆነ 3 ያለው ክብ አለ ብሎ ደመደመ። የሒሳቡ የመጀመሪያ ግማሽ ፍጹም ትክክል ነበረ፤ ይህን የምለው በኋላ ስለምንመለስበት ነው። 2ኛው ምላሽ የሰበታ የዩኒቨርሲቲ ተማሪ ነው፤ የክፍል አማካይ ውጤት 50 ስለ ሆነ ብቻ 50 ያገኘ ተማሪ አለ ማለት እንደማይቻል አስታወሰ። ግማሾቹ ክቦች 2፣ ግማሾቹ 4 ቀይ ቢኖራቸው አማካዩ ያው 3 ነው።

በ3ኛው ምላሽ የአያት ነዋሪ የሆነ ወጣት የኮምፒዩተር ባለሙያ ገባ። 120ውን መስመር በዕጣ ግማሽ በግማሽ የሚቀባ ፕሮግራም ጽፎ ብዙ ጊዜ አስኬዶት፣ በእያንዳንዱ ሙከራ የተፈለገው ክብ ወዲያው እንደ ተገኘ ገለጸ፤ ነገሩም እዚህ ላይ እንዳበቃለት አስታወቀ። 4ኛውና 5ኛው ምላሾች ምስጋና ናቸው። እኔም ደስ አለኝ፤ የተሳሳትኩት በወረቀቱ ላይ ብቻ ነው ብዬ አሰብኩ።

ክሩን የለወጠው 6ኛው ምላሽ ነው። የጻፈችው ጀሞ የምታስተምር የሒሳብ መምህርት ስትሆን፣ ማረጋገጫ ከመስጠቷ በፊት አንድ ጥያቄ ብቻ ጠየቀች፤ እነዚያ 60 ጥንዶች ቀድሞ የተዋወቁት እንዴት ነው? ይህን በመክፈቻዬ አልጻፍኩም ነበር፤ ለሒሳቡ ይጠቅማል ብዬ አላሰብኩም። በ7ኛው ምላሽ መለስኩላት፤ ከ16ቱ 10ሩ ከካዛንቺስ፣ 6ቱ ከልደታ የመጡ ናቸው፤ ከአንድ ሰፈር የመጡት ሁሉ ይተዋወቁ ነበር፣ ከተለያየ ሰፈር የመጡት ግን እዚህ ነው የተያዩት። ከ10 ሰው 45፣ ከ6 ሰው 15 ጥንድ ይወጣል፤ በድምሩ 60። በሁለቱ ሰፈሮች መካከል ያለው ደግሞ 10 ጊዜ 6፣ ማለትም 60 ነው።

8ኛው ምላሽ የእሷ ማረጋገጫ ነበር፤ አጭርነቱ እስካሁን ያስደንቀኛል። በክቡ ዙሪያ ከአንድ ሰው ተነሥተን እያንዳንዱን ጎረቤት እየነካን ስንዞር፣ ሰማያዊ መስመር ባለፍን ቁጥር ሰፈር እንለውጣለን፤ ቀይ መስመር ባለፍን ቁጥር እዚያው ሰፈር እንቆያለን። ዙሩ የሚያበቃው በተነሣንበት ሰው ላይ ስለ ሆነ ሰፈር የለወጥንበት ብዛት የግድ ተጋማሽ ቁጥር ነው። ሦስት ደግሞ ጎዶሎ ነው። እንግዲህ በእኛ መግቢያ ሦስት የድሮና ሦስት አዲስ ትውውቅ ያለው ባለ ስድስት ክብ በጭራሽ የለም፤ 2 ወይም 4 ወይም 6 አዲስ ይሆናል፣ ወይም ምንም አዲስ አይኖረውም። ወረቀቴ አልተሳሳተም ነበር።

9ኛውን ምላሽ የጻፉት አቃቂ የሚኖሩ ጡረተኛ የመንገድ መሐንዲስ ናቸው፤ በክሩ ውስጥ ሁሉም ጋሼ እያለ ይጠራቸዋል። ይህንኑ ማረጋገጫ በወንዝ አስረዱ። ከቤቱ ወጥቶ ዞሮ ወደ ቤቱ የገባ ሰው፣ በየትም በኩል ቢዞር፣ የአቃቂን ወንዝ የተሻገረው ተጋማሽ ጊዜ ነው፤ አንድ ጊዜ ብቻ ተሻግሮ ቢሆን ኖሮ ያደረው በማዶ ነበርና። በተማሪነታቸው ጊዜ ለመስክ ሥራ ሲወጡ የተሻገሩትን ድልድዮች እየቆጠሩ ከየትኛው ዳር እንዳሉ በዚህ ብቻ ያውቁ እንደ ነበር ጨመሩ። እኔ ይህን በማግሥቱ ለተማሪዎቼ ነገርኳቸው፤ ከሰሌዳው ማረጋገጫ ይልቅ የገባቸው ወንዙ ነው።

10ኛው ምላሽ የውይይቱን ቃና አበላሸው። የፕሮግራሙ ባለቤት፣ ብዙ ሙከራ ያረጋገጠውን ነገር አንድ ሆን ተብሎ የተበጀ ምሳሌ ሊያፈርሰው እንደማይችል ተከራከረ፤ መምህርቲቱንም አንቺ እያለ፣ በወረቀት ላይ ብቻ የሚኖር ሒሳብ ታስተምሪያለሽ እስከ ማለት ደረሰ። 11ኛው ምላሽ የማያውቁትን ሰው አንቺ ማለት ነውር መሆኑን በሁለት መስመር ገሠጸው። ጉዳዩን ራሱን ያስያዘው ግን 12ኛው ምላሽ ነው። የሰበታው ተማሪ ምሳሌው የተበጀ ሳይሆን ከአንድ መግቢያ መዝገብ የወጣ እውነት እንደ ሆነ ካስገነዘበ በኋላ፣ ዕጣ የሚያወጣ ፕሮግራም እንዲህ ያለ ሥርዓት ያለውን አቀባብ ለማግኘት ዕድሜ ልኩን ቢሞክር ላይገጥመው እንደሚችል አስረዳ። የኤክስትሪማል ግራፍ ንድፈ ሐሳብ የሚባለው የሒሳብ ዘርፍ የሚጠይቀው አብዛኛውን ጊዜ ምን ይሆናል ብሎ ሳይሆን፣ ክፉ አሳቢ ሆን ብሎ ቢቀባውም እንኳ ሊያመልጠው የማይችለው ምንድን ነው ብሎ ነው። ከዚህም አልፎ የእኛ 16 ብቻውን እንዳልሆነ አሳየ፤ ሁለት ሰፈር ሲኖር በውስጥና በመካከል ያሉት ጥንዶች እኩል የሚሆኑት የሁለቱ ሰፈሮች ልዩነት በራሱ ሲባዛ የሰዎቹን ጠቅላላ ብዛት ሲሰጥ ነው። 6 እና 3 ለ9፣ 10 እና 6 ለ16፣ 15 እና 10 ለ25፤ እንዲህ እያለ ያለ ማቋረጥ ይቀጥላል።

በ13ኛው ምላሽ ወጣቱ የ10 እና የ6ን አቀባብ ለፕሮግራሙ ሰጥቶ ክቦቹን አንድ በአንድ እንዳስመረመረና አንድም እንዳላገኘ ጻፈ። መምህርቲቱን በእርስዎ ይቅርታ ጠየቀ። ከዚያም ጥሩ ጥያቄ አነሣ፤ እንዲህ ያሉ መሰናክል የሚሆኑ አቀባቦች ስንት ዓይነት ናቸው? ስንቱን ካወቅን ነው የትኛው ቅርጽ ሁልጊዜ እንደሚገኝና የትኛው እንደማይገኝ መናገር የምንችለው?

14ኛው ምላሽ ለዚህ መልስ ነበር፤ ጸሐፊው ራሱን ሳያስተዋውቅ በቀጥታ ወደ ታሪኩ ገባ። የሒሳብ ሊቁ ቤላ ቦሎባሽ ያነሣውን ጥያቄ ተከትለው ተመራማሪዎቹ ከትለርና ሞንታግ በ2008 እ.ኤ.አ. ያሳዩት ይህንን ነው። ከሁለቱ ቀለሞች እያንዳንዳቸው ከጠቅላላው መስመር የተወሰነ ድርሻ ካላቸው፣ ድርሻው ትንሽም ቢሆን፣ ነጥቦቹ በበቂ ሁኔታ ሲበዙ ከሁለት ንድፎች አንዱ በሰፊው መገኘቱ አይቀርም። የመጀመሪያው ንድፍ፣ አንድ ወገን እርስ በርሱ በአንድ ቀለም ተያይዞ የቀረው መስመር ሁሉ በሌላው ቀለም የሚሆንበት ነው። ሁለተኛው፣ ሁለት ወገኖች በየውስጣቸው በአንድ ቀለም፣ በመካከላቸው በሌላው ቀለም የሚሆኑበት ነው። ሁለተኛው የእኛ መግቢያ ነው። የመጀመሪያው ደግሞ፣ ጸሐፊው እንዳለው፣ ከአንድ ሰፈር አብረው የመጡ ብዙ ሰዎች ያሉበትና የቀሩት እያንዳንዳቸው ከየትም ብቻቸውን የመጡበት መግቢያ ማለት ነው። ፎክስና ሱዳኮቭ በዚያው ዓመት የሚያስፈልገውን የነጥብ ብዛት እጅግ ዝቅ አደረጉት። በኋላም ጂራዎና ናራያናን፣ ቀለሙ የተወሰነ ድርሻ ባይኖረውም፣ የመስመሮቹ ቁጥር ከነጥቦቹ ብዛት ካሬ ትንሽ ባነሰ ልክ ከሆነ ንድፎቹ እንደሚገኙ አረጋገጡ።

እዚህ ላይ 15ኛው ምላሽ ይህ ሁሉ የሒሳብ ሊቁ የፍራንክ ራምሴ የ1930 እ.ኤ.አ. ሥራ አይደለም ወይ ሲል ጠየቀ፤ ስድስት ሰው ባለበት ሦስት የሚተዋወቁ ወይም ሦስት የማይተዋወቁ የግድ አሉ የሚለውን የታወቀ ጥያቄም አነሣ። 16ኛው ምላሽ በመጠኑ ቆጣ ብሎ ለየው። ራምሴ የሚሰጠን በአንድ ቀለም ብቻ የተሞላ ክፍል ነው፤ ለዚያም የሌላው ቀለም መኖር አያስፈልገውም። እኛ የምንፈልገው ሁለቱም ቀለሞች በእኩል የተቀመጡበትን ክፍል ስለ ሆነ፣ ሁለቱም ቀለሞች በበቂ መጠን መኖራቸውን አስቀድመን መጠየቅ አለብን። አንዲት ቀይ መስመር ብቻ ካለች ሦስት ቀይ ያለው ክብ ከየት ይመጣል? ይህ ልዩነት ቀላል ቢመስልም በተማሪዎቼ ዘንድ ብዙ ጊዜ ሲምታታ አይቻለሁ።

17ኛው ምላሽ፣ በእኔ ሚዛን፣ የክሩ እምብርት ነው። የጻፈው ያው የ14ኛው ሰው ሲሆን፣ ያኢር ካሮ፣ አድሪያና ሀንስበርግና አማንዳ ሞንቴሃኖ ያቆሙትን መለኪያ አመጣ። የመስመሮቹ ብዛት ተጋማሽ የሆነ ቅርጽ፣ ሁለቱም ቀለሞች በበቂ መጠን በሚገኙበት ትልቅ ሙሉ ግራፍ ውስጥ ሁልጊዜ እኩል ተከፍሎ የሚገኘው ሁለት ፈተናዎችን ሲያልፍ፣ ሲያልፍም ብቻ ነው። አንደኛ፣ ነጥቦቹን ለሁለት ወገን ከፍለን በመካከል የሚያልፉት መስመሮች በትክክል ግማሽ እንዲሆኑ ማድረግ መቻል አለብን። ሁለተኛ፣ ከነጥቦቹ የተወሰኑትን መርጠን በእነሱ መካከል ብቻ ያሉት መስመሮች በትክክል ግማሽ እንዲሆኑ ማድረግ መቻል አለብን። ምክንያቱም ግልጽ ነው። ክፉው አሳቢ ግራፉን ከሁለቱ ንድፎች በአንዱ ሊቀባው ስለሚችል፣ ቅርጹ በሁለቱም ንድፎች ውስጥ እኩል ተከፍሎ መግጠም አለበት፤ በሌላ በኩል በማንኛውም አቀባብ ውስጥ ከሁለቱ ንድፎች አንዱ ስለማይቀር፣ በሁለቱም የሚገጥም ቅርጽ መሸሸጊያ የለውም። ማለቂያ የሌላቸው አቀባቦች በሁለት ጥያቄ ተተኩ ማለት ነው፤ እኔ ይህን ሳነብ ከመቀመጫዬ ተነሥቼ ቆምኩ።

በ18ኛው ምላሽ የጀሞዋ መምህርት መለኪያውን ሠራችበት። ባለ ስድስት ክብ ሁለተኛውን ፈተና ያልፋል፤ ተከታታይ አራት ነጥብ ብንወስድ በመካከላቸው ሦስት መስመር አለ። የመጀመሪያውን ግን አያልፍም፣ ይህም የወንዙ ነገር ነው። ባለ ስምንት ክብ ሁለቱንም ያልፋል። በጠቅላላው የነጥቡ ብዛት ለ4 የሚካፈል ክብ ያልፋል፤ ለ2 ብቻ እንጂ ለ4 የማይካፈል ግን ይወድቃል። በመጨረሻም አስጠነቀቀች፤ መለኪያው የሚናገረው ስለ ትልቅ ግራፍ ስለ ሆነ፣ ለ16 ሰው ያልፋል የሚለውን በቀጥታ ከእሱ መውሰድ አይገባም፤ ለእኛ መግቢያ ለብቻው መታየት አለበት። ለባለ ስምንቱ ክብ ራሷ አይታ አሳየችን፤ ሦስት የካዛንቺስ፣ ሁለት የልደታ፣ ሁለት የካዛንቺስ፣ አንድ የልደታ ሰው በተከታታይ ቢቀመጡ አራት የድሮና አራት አዲስ ትውውቅ ይሆናል።

ከ19ኛው እስከ 23ኛው ያሉት ምላሾች ከጉዳዩ ወጥተዋል። አንዱ ውኃ በሳምንት ስንት ቀን እንደሚመጣ ሳይታወቅ ስለ ክብ አቀማመጥ መጨነቅ ቅንጦት ነው አለ፤ ሌላው ከቱሉ ዲምቱ መሃል ከተማ ለመድረስ በሰልፍ የሚጠፋውን ጊዜ ዘረዘረ፤ አንዲት ሴት ደግሞ በአዲስ መንደር ውስጥ ጎረቤት ጎረቤቱን ማወቁ ከውኃው ያልተናነሰ ጉዳይ መሆኑን፣ እናቷ ባረፉ ጊዜ ድንኳኑን የተከሉላት በወር ያልሞላ ትውውቅ የነበራቸው ሰዎች እንደ ነበሩ ጻፈች። ከዚህ በኋላ የተደረገው መዘላለፍ አይጠቅምም። በ24ኛው ምላሽ የመድረኩ ኃላፊ ስለ ውኃው ሌላ ክር እንዲከፈት ጠይቆ ወደ ጉዳዩ መለሰን።

ጋሼ በ25ኛው ምላሽ አዲስ በር ከፈቱ። ክቡ ቀርቶ አራት ሰዎች አንድ ማዕድ ላይ ቢቀመጡና ሁሉም ከሁሉም ጋር ቢጨዋወቱስ? ስድስት ጥንድ አለ፤ ሦስት የድሮና ሦስት አዲስ ይገኛልን? 26ኛው ምላሽ የመምህርቲቱ ነበር። በእኛ መግቢያ ሦስት የካዛንቺስና አንድ የልደታ ሰው መቀመጥ በቂ ነው። ከዚህም የሚበልጥ ነገር ነገረችን፤ ካሮ፣ ሀንስበርግና ሞንቴሃኖ ለአራቱ ሰዎች ትክክለኛውን ወሰን አግኝተዋል። በ16 ሰው መካከል ከሁለቱ የትውውቅ ዓይነቶች እያንዳንዱ 17 ጥንድ ከደረሰ፣ ማንም እንዴትም ቢቀባው እንዲህ ያሉ አራት ሰዎች አሉ። 16 ጥንድ ግን አይበቃም፤ 16ቱን ሰዎች በአራት ቡድን ከፍለን በየቡድኑ አራቱ በክብ ብቻ ቢተዋወቁ፣ በድምሩ 16 የድሮ ጥንድ ይኖራል፤ ሆኖም ከየትም አራት ሰው ብንመርጥ የድሮው ትውውቅ 4 ወይም ከ3 ያነሰ እንጂ 3 አይሆንም። አንድ ጥንድ ሲጨመር መሰናክሉ ሁሉ ይፈርሳል። እኛ 60 አለን።

27ኛው ምላሽ ከአራት ሰው ወደ ሌላ ቁጥር ብንሄድ ምን እንደሚሆን አብራራ፤ የጻፈው የሰበታው ተማሪ ነው። ሁሉም ከሁሉም ጋር በሚገናኙበት ማዕድ የመጀመሪያውን ፈተና የሚያልፉት የቁጥራቸው ካሬ ሥር ሙሉ ቁጥር የሆነ፣ ማለትም 4፣ 9፣ 16፣ 25 እያሉ የሚሄዱት ናቸው። ሁለተኛውን የሚያልፉት ደግሞ 4፣ 21፣ 120፣ 697 እያሉ የሚሄዱት ናቸው፤ እነዚህ የፔል እኩልታ ከሚባለው፣ የሙሉ ቁጥር መልስ ብቻ ከሚፈለግለት የካሬ እኩልታ የሚወጡ ናቸው። ለምሳሌ ከ21 ሰው 210 ጥንድ አለ፤ 15 ሰው ደግሞ በመካከሉ 105 ጥንድ ይሠራል፣ ይህም በትክክል ግማሹ ነው። 9 ሰው የመጀመሪያውን አልፎ በሁለተኛው ይወድቃል፤ ከ36 ጥንድ ግማሹ 18 ነው፣ ከየትኛውም የሰዎች ብዛት ግን በትክክል 18 ጥንድ አይወጣም፤ ከ6 ሰው 15፣ ከ7 ሰው 21 ነውና። 21 ደግሞ በተቃራኒው ነው። 120 የመጀመሪያውን ፈተና ያመለጠው በአንድ ቁጥር ብቻ ነው። ሁለቱንም የሚያልፍ ከአራት በስተቀር ማንም እንደሌለ የተረጋገጠ ነው። አራት ሰው የሚቀመጥበት ማዕድ በቁጥሮች ሁሉ መካከል ብቻውን መቆሙ፣ አልደብቅም፣ ልቤን ነካው።

28ኛው ምላሽ ከመጀመሪያው ሰው፣ ከሒሳብ ሠራተኛው መጣ፤ በ2ኛው ምላሽ ከታረመ በኋላ ዝም ብሎ ሲያስብ ቆይቶ ነበር። የእድር ጥሪ የሚተላለፍበትን የስልክ ሰንሰለት አነሣ። 16 አባወራ በ15 ጥሪ ይዳረሳል፤ ማንም ሳይቀርና ማንም ሁለት ጊዜ ሳይደወልለት የሚያያይዝ እንዲህ ያለ ግራፍ ዛፍ ይባላል። በዛፎቹ ሁሉ ውስጥ የድሮው ትውውቅ አማካይ 7 ተኩል ስለ ሆነ 7 ወይም ከዚያ ያነሰ የድሮ ትውውቅ ያለው ዛፍ አለ፤ 8 ወይም ከዚያ የሚበልጥ ያለውም አለ። ከአንዱ ዛፍ ወደ ሌላው በየደረጃው አንድ መስመር አውጥቶ አንድ መስመር በማስገባት መድረስ ይቻላል፤ በእያንዳንዱ ደረጃ የቀዩ ብዛት ከአንድ በላይ ሊጨምርም ሊቀንስም አይችልም። ስለዚህ በመንገዱ ላይ 7ን ከ8 አጠገብ ማግኘቱ የግድ ነው። መጀመሪያ ላይ የጎደለው ይህ የእርምጃ ነገር ነበር፤ ክብን ወደ ሌላ ክብ ሲለውጡ ቁጥሩ ሁለት ሁለት እየዘለለ መካከሉን ሊያልፈው ይችላል፤ ዛፍ ግን አይዘልም። አማካዩን ያነሣው ሰው ራሱ አማካዩ የሚሠራበትን ቦታ ማግኘቱ በክሩ ውስጥ ካየሁት ሁሉ የተከበረ ሥራ ነው።

29ኛው ምላሽ ወዲያው አጋነነው፤ እንግዲያው ማንኛውም ዓይነት ዛፍ ይሆናል፣ አንድ ሰው ለሁሉም የሚደውልበትም ቢሆን አለ። 30ኛው በጥቂቱ ሻከር ባለ ቃል አረመው። ደዋዩ የካዛንቺስ ሰው ከሆነ 9 የድሮና 6 አዲስ፣ የልደታ ሰው ከሆነ 5 የድሮና 10 አዲስ ነው፤ 7 እና 8 በፍጹም አይገኝም። ማረጋገጫው ከዛፎች አንዱ እንዳለ እንጂ የመረጥነው ቅርጽ እንደሚሆን አይናገርም። ትልቅ ግራፍ ውስጥ ያለ ትንሽ ዛፍ ግን፣ ቅርጹ ምንም ቢሆን፣ እኩል ተከፍሎ እንደሚገኝ መታወቁን አክሎ ጻፈ።

በ31ኛው ምላሽ እኔ ስለ ቡና ተራ ጠየቅሁ፤ 16ታችን በስምንት ጥንድ ተከፍለን አራቱ የድሮ፣ አራቱ አዲስ እንዲሆኑ ይቻላልን? 32ኛው ምላሽ ኪቲፓሶርንና ሲንሳፕ ይህን ለሁልጊዜው እንደ ፈቱት ገለጸ፤ የሰዎቹ ብዛት ለ4 የሚካፈልና ሁለቱ ቀለሞች በትክክል እኩል ከሆኑ እንዲህ ያለ አከፋፈል ሁልጊዜ አለ፤ መልሱን ኤርሃርድ፣ ሞርና ራውተንባክም በራሳቸው መንገድ ደርሰውበታል። እዚህ ላይ የዛፉ ማረጋገጫ እንደማይበቃ ልብ ይሏል፤ ጥንዶችን ሲያቀያይሩ ሁለት መስመር በአንድ ጊዜ ይለወጣልና መዝለል አለ።

33ኛው ምላሽ ከአያቱ ወጣት ነው፤ ያለ ፕሮግራም፣ በእጁ ሠርቶ ላከልኝ። ለቡናው፦ ሦስት ጥንድ ከካዛንቺስ በውስጥ፣ አንድ ጥንድ ከልደታ በውስጥ፣ አራት ጥንድ ደግሞ አንድ ከዚህ አንድ ከዚያ። ለስልኩ፦ አራት የካዛንቺስና አራት የልደታ ሰዎች እየተፈራረቁ በመስመር ይደዋወላሉ፤ ይህ 7 አዲስ ትውውቅ ነው። የቀሩት ስምንት ሰዎች እያንዳንዳቸው ከመስመሩ ውስጥ ካለ የቀድሞ ሰፈራቸው ሰው ይደወልላቸዋል፤ ይህ 8 የድሮ ነው። ሁለቱንም በመግቢያችን በር ላይ ለጠፍኳቸው።

34ኛው የእኔ ነው። ምድር ላይ ተዘግቶ የኖረው ቤት ተከፈተ፤ ከሱሉልታ የመጡ አንዲት እናት ገቡበት፤ ከመካከላችን አንድም ሰው አያውቁም። ጥንዶቻችን 136 ሆኑ፤ 60 የድሮና 76 አዲስ። እኩልነቱ ፈረሰ ብዬ መዝገቡን ልዘጋ ስል፣ እሳቸው ከሁለቱም ሰፈር እንዳልሆኑ፣ ስለዚህም ወንዙ በእሳቸው በኩል እንደማያልፍ ታየኝ። እሑድ ዕለት እሳቸውን ከላይ አስቀመጥን፤ በቀኛቸው አራት የካዛንቺስ ሰዎች በተከታታይ፣ ቀጥሎ አንድ የልደታ ሰው ተቀምጦ ክቡ በግራቸው ገጠመ። ሦስት የድሮ፣ ሦስት አዲስ። ቡናውን ያፈሉት እሳቸው ናቸው።